አስጻፊና ጻፊ

ወረቀቷ አንድ ገጽ ነበረች። ሰኞ ጠዋት እቴቴ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ሳትሰቅል፣ ጋሼ ራሳቸው ይዘዋት መጡና ኪቦርዷ ላይ አኖሯት። "እስከ ሐሙስ ፈርሚልኝ፤ ተራ ነገር ነው" አሉና ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርገው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ነገሩ ተራ አለመሆኑን ግን የገዛ እግራቸው ተናገረባቸው። ጋሼ የድርጅቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ ናቸው። እቴቴ እዚያ ቤት በሠራችባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ወረቀት ወደ እሳቸው ሲሄድ እንጂ እሳቸው ወረቀት ይዘው ሲመጡ አይታ አታውቅም።

ቆማ አነበበችው። ከዚያ ወንበሩን ስባ ተቀምጣ ደግማ አነበበችው። "እኔ ስሜ ከዚህ በታች የሰፈረው ዋና ፕሮግራመር፣ ድርጅቱ ለመድኃኒት ቤቶች የሚሸጠው ፕሮግራም ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በድርጅቱ ሠራተኞች የተጻፈ መሆኑን፣ የሌላ ሰው ሥራ ያልገባበት መሆኑን፣ ይህ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ለሚደርሰው ጉዳት በግሌ የምጠየቅ መሆኔን አረጋግጣለሁ።" ከሥሩ ለስም፣ ለፊርማና ለቀን ነጠብጣብ ተትቷል። ለአንድ ሰው ብቻ። ለጋሼ የተተወ ቦታ የለም።

"በግሌ" የምትለዋ ቃል ላይ ስትደርስ ጆሮዋ ጋለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሆስፒታሎች ዕቃ የሚያቀርብ ትልቅ ኩባንያ ድርጅቱን ከነፕሮግራሙ ሊገዛ ፈልጓል። ሐሙስ የኩባንያው ጠበቃ ይመጣል፤ ከመግዛታቸው በፊት የሚገዙት ነገር የማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ጋሼ ደግሞ ይህን መልስ በእሷ ስም ሊሰጡ ነው።

እቴቴ ስሟ አይደለም። እዚያ ካሉት አሥራ አራት ሰዎች በዕድሜ ታላቋ ስለሆነች፣ ደግሞም ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ፣ ማን ከሚስቱ ተኳርፎ እንዳደረ ከፊቱ የምታነብ ስለሆነች የወጣላት ነው። ወሬ ትወዳለች፣ ሳቅ ትወዳለች። ስትቆጣ ግን ድምፅ አታሰማም። ስትቆጣ ትደረድራለች። ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ፣ መቀስ፣ የመነጽር ቤት ሁሉ በቁመቱ እያስተካከለች ታሰልፋለች። ያን ቀን እስክሪብቶዎቿ እንደ ወታደር ተሰልፈው ዋሉ፤ ያየ ሁሉ ኮቴውን አጥፍቶ አለፈ።

ኮድ መጻፍ ያስተማራት ሰው የለም። በአንድ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሳለች ኮምፒውተር መጣ። ከኮምፒውተሩ ጋር ደግሞ የመጀመሪያዎቹ አርባ ገጾች የተገነጠሉበት መጽሐፍ መጣ። ከገጽ አርባ አንድ ጀመረች። "እኔ እኮ ጀማሪ ሆኜ አላውቅም" ትላለች እስከ ዛሬ፣ ሰው ሲያደንቃት።

ከታይፒስትነቷ አንድ ልማድ አብሯት ቀርቷል። ያኔ ደብዳቤ ተጽፎ ሲያልቅ ከግርጌው በስተግራ በትንንሽ ፊደል ሁለት ሰዎች ይጠቀሳሉ፤ ያስጻፈውና የጻፈው። የታይፒስቶቹ ኃላፊ፣ ጣታቸው ከቀለም ሪባን ጥቁረት ጠርቶ የማያውቅ ሴትዮ፣ ሥራ በጀመረችበት ዕለት አስቀምጠው መክረዋታል። "ልጄ፣ ደብዳቤው ያማረ እንደሆነ አለቃው ነው የጻፈው። የተበላሸ እንደሆነ ታይፒስቷ ናት። አንቺ ሁለቱንም ጻፊና ቤትሽ ገብተሽ ተኚ።" እቴቴ ኮድም ስትጽፍ እንዲሁ ነች። ለእያንዳንዷ ትንሽ ፕሮግራም ራስጌ ምን እንደምትሠራ፣ ማን እንዳዘዘና ማን እንደጻፈ ሳታሰፍር አታልፍም። አጠገቧ የሚቀመጠው፣ ቀጭኑ የሚሉት ሠላሳ ዓመት ያለፈው ፕሮግራመር፣ በዚህ ይስቅባታል። "እቴቴ፣ ባልዲውን ስታስቀምጪም አስጻፊ ጻፊ ትያለሽ?" ይላታል፤ ጥግ ላይ ያለው የውሃ ማቀዝቀዣ ስለሚያንጠባጥብ ሥሩ ባልዲ የምታስቀምጠው እሷ ናትና።

ድርጅቱ ሲጀመር ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ያለች ሁለት ክፍል ነበር። ከታች አየር መሙያው ሲጮህ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስልክ ሲመጣ ደግሞ አንዱ ወርዶ "ለሁለት ደቂቃ አቁሙልን" ብሎ ይለምናል። የመድኃኒት ቤቱ ፕሮግራም የተሠራው እዚያ ነው። መደርደሪያው ላይ ምን እንዳለ ይቆጥራል፣ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበውን ይለያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አብረው ሊሰጡ የማይገባ ሁለት መድኃኒቶች ሲጠየቁ ቀይ መብራት ያበራል።

ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ሁሉን ነገር ከባዶ አይጽፍም። ዓለም ላይ ደጋግ ሰዎች ጽፈው "ውሰዱ" ብለው የለቀቁት ኮድ ሞልቷል፤ ኦፕን ሶርስ የሚባለው ነው። ቀን ለማስላት የአንዱን፣ ባርኮድ ለማንበብ የሌላውን ያነሣሉ። ስርቆት አይደለም፣ የተሰጠ ነው። ግን ባለቤት አልባም አይደለም። በየፋይሉ ራስጌ የጸሐፊው ስምና የሰጠበት ፈቃድ ተጽፎ ይገኛል።

አንድ ቀን፣ ከሰባት ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያው ደንበኛቸው የነበረ አንድ ወፍራም መድኃኒት ሻጭ ነገር መጎርጎር ይወድ ነበርና ፋይሎቹን ከፍቶ ስሞቹን አየ። በሰው ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ጋሼን "እነዚህ ሰዎች ሁሉ ያንተ ቅጥሮች ናቸው? ታዲያ እነሱ በነጻ ሰጥተው አንተ ለምንድን ነው የምታስከፍለኝ?" አላቸው። አዳራሹ ሳቀ። ጋሼ በማግስቱ ፊታቸው ገና እንደቀላ ገቡና ከዚህ ቤት የሌላ ሰው ስም ይዞ የሚወጣ ፋይል እንዳይኖር ብለው አዘዙ።

እቴቴ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠራችው። አርባ መስመር የማትሞላ ፕሮግራም ነበረች፤ ስሟን መጥረጊያ አለቻት። መጥረጊያዋ ወደ ደንበኛ የሚሄደውን ፋይል ሁሉ እየከፈተች ራስጌው ላይ የተጻፈውን ታነሣና የድርጅቱን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ትተካለች። ምን እንደሚል አታነብም፣ ታነሣለች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል በአርባ ሰከንድ። ያን ቀን አጨበጨቡላት፤ እሷም፣ እውነቱ ይነገርና፣ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሥርዓት ሆነ። ዕቃው ለደንበኛ ከመሄዱ በፊት አንዱ ከበሩ "ተጠርጓል?" ብሎ ይጮሃል፣ ሌላው ከጠረጴዛው "ጸድቷል" ይላል፣ ይሳሳቁና ይላካል። በሰባት ዓመት ውስጥ ለሰማንያ ሦስት መድኃኒት ቤቶች ሲልኩ የጠረጉትን ያነበበ አንድም ሰው የለም። እሷም አላነበበችም።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ሌላው ሰው ሲወጣ እሷ ቀረች። የኮድ መዝገቡ የተለወጠውን ሁሉ ከነቀኑ ይይዛል፤ ከመጠረጉ በፊት የነበረውንም አይጥልም። ወደ ኋላ ሄዳ አንድ በአንድ እያወጣች ማንበብ ጀመረች። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ስድሳ አንዱ የሰው ነበር። አብዛኞቹ የጠየቁት ነገር ሰውን የሚያሳፍር ያህል ትንሽ ነው፤ እንዳሻህ አድርገው፣ ስሜን ብቻ አታጥፋ። አንዷ ደግሞ "ይህን ስጽፍ ተማሪ ነበርኩ፤ ከጠቀመህ ስሜ ይቆይልኝ" ትላለች። እቴቴ እስክሪብቶዎቿን አስተካከለች።

ከሁሉ በመጨረሻ የቀይ መብራቱን ፋይል ከፈተች። ፕሮግራሙን ሰው የሚገዛው ለእሱ ብሎ ነው፤ በድርጅቱ ማስታወቂያ ላይም "በራሳችን ባለሙያዎች የብዙ ዓመት ጥናት" ተብሎ በወርቃማ ቀለም የታተመው እሱ ነው። ራስጌው ላይ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነበር። በልቧ እየተረጎመች አነበበችው።

"ጡረታ የወጣሁ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ባለቤቴ አብረው መሰጠት የማይገባቸው ሁለት መድኃኒቶች ተሰጥተዋት ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ይህን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። ማንም ይውሰደው፣ ይጠቀምበት፣ ይሽጠውም። ለሌላ የሚሰጠው ሰው ግን ከእሱ ጋር አያይዞ የሠራውንም ጨምሮ እኔ እንደሰጠሁት ክፍት አድርጎ ይስጥ። ይህም ጽሑፍ አብሮ ይሂድ፤ ስህተት ያገኘ ሰው ማንን እንደሚጠይቅ ይወቅ።" ሥሩ ስምና አድራሻ አለ።

እዚያው ሥር፣ ተጠርጎ ከተተካው ቅጂ ላይ፣ የድርጅቱ ስም ነበር። ከዚያም "መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው" ይላል። ይህንን ዓረፍተ ነገር መጥረጊያዋ ውስጥ የጨመረችው ራሷ ናት፤ ያኔ ስታየው ያምር ነበር።

ንዴት ሲባል በሌላ ሰው ላይ ሲሆን ቀላል ነው፤ ያበላል፣ ያስተኛልም። የራስ ሲጨመርበት ነው እንቅልፍ የሚነሣው።

ባሏ መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ተማሪዎቹ ጋሽ ፍሬን ይሉታል። በእሱ በኩል ወለሉ ላይ ሁለተኛ ፍሬን አለው፤ ተማሪው ሲሳሳት እሱ ይረግጣል። ሃያ ዓመት ሲረግጥ ስለኖረ ቤትም ተቀምጦ ወሬ ሲያስደነግጠው ቀኝ እግሩ ወለሉን ይመታል። ራት ቀርቦ ወረቀቷን ስታነብለት "በግሌ" የሚለው ላይ ስትደርስ እግሩ ጠረጴዛውን አናወጠውና ውሃው ፈሰሰ።

"ማነው የጻፈልሽ ይሄን?" አለ እየጠረገ።

እሷም እንደተማረችው መለሰች፤ አስጻፊው እሳቸው ናቸው፣ ጻፊው ግን አልታወቀም፣ ጥግ ላይ የተጠቀሰ ሰው የለም አለችው። እሱ አልሳቀም። አሁኑኑ ትተሽ ውጪ አላለም፤ የቤት ኪራዩም፣ የልጃቸው የመጨረሻ ዓመት ትምህርትም እሷ ላይ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። የጠረገበትን ጨርቅ ጨምቆ "እኔ ጎን ለጎን ተቀምጬ የምረግጥልሽ አይደለም ይሄ። ፍሬኑ አንቺ ዘንድ ነው ያለው" አላት። እሷም ምክሩ አናደዳት፤ ልክ ስለሆነ።

ረቡዕ ጠዋት የጋሼን በር አንኳኩታ ገባች። ጋሼ ክፍል ውስጥ የፕላስቲክ አበባ አለ፤ ጋሼ ሲጨነቁ ቅጠሉን በጣታቸው አቧራ ያራግፉለታል። ስድሳ አንዱን ፋይል ነገረቻቸው። ችግሩ የሚስተካከል ነው አለች። ስሞቹ ይመለሱ፣ ቀይ መብራቱን የጻፈው ሰው የሰጠበትን ፈቃድ እንደጠየቀው እንፈጽም፤ ካልሆነም ያን ክፍል አውጥተን የራሳችንን እንጻፍ፤ ለጠበቃውም እንዲህ ነው ብለን እንንገረው። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ማንንም አይገድልም አለች።

ጋሼ ቅጠሉን አራገፉ። ከዚያ የሚሉትን ሁሉ አሉ። ይሄን የማያደርግ ድርጅት የት አለ? ስድሳ አንድ ሰው ተሰብስቦ ሊከሰኝ ነው? ከመካከላቸው አንድ እንኳ ደውሎ ያውቃል? ይህን ለጠበቃ መናገር ማለት ሽያጩን በገዛ እጅ መቅበር ነው፤ ሽያጩ ከቀረ አሥራ አራት ሰው ከነቤተሰቡ ምን እንደሚሆን አስበሻል? ቀጥለው ደግሞ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን አሉ። ባልሽ ወገቡን ታሞ ጊዜ ሁለት ሳምንት ፈቃድ የሰጠሁሽ አለቃ ሆኜ ነው ወይስ ወንድም ሆኜ?

"ጋሼ፣ የሁለት ሳምንቱን ፈቃድ አልረሳሁም" አለች እቴቴ። "ወንድሜ ከሆኑ ታዲያ እዚህ ወረቀት ላይ ከጎኔ ይፈርሙ።"

"እኔ ኮድ አልጽፍ፤ ምን ብዬ ነው የምፈርመው? እኔ ካንቺ የጠየቅሁት ስምሽን ብቻ ነው።"

"እሱን ነው እኮ ከሰዉ ሁሉ የወሰድነው።"

የጋሼ እጅ ቅጠሉ ላይ ቆመ። ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ይበልጥ ያስጠላል። ካልፈረመች አያስገድዷትም፤ ጠበቃው ሲጠይቃቸው ግን ያን ሁሉ ከየት እንዳመጣችው የምታውቀው እሷ መሆኗን ይናገራሉ። መጥረጊያውንስ የሠራው ማን ሆነና? በጨዋ አነጋገር "አስቢበት፣ እህቴ" ብለው በሩን ከፈቱላት።

ስትመለስ ቀጭኑ ፊቷን አይቶ ሊያስቃት ሞከረ። "ዝም ብለሽ ፈርሚ፤ ግን የሌላ ሰው ስም ጻፊ። ከኛ ቤት ልማድ አትወጪም" አላት። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን "አንተስ ስንት ጊዜ ነው 'ጸድቷል' ያልከው?" አለችው። ቀጭኑ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ብዙ ጊዜ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ስትገባ ወረቀቷ ከጠረጴዛዋ ላይ የለችም። ቀና ስትል ቀጭኑ ጠረጴዛ ላይ አየቻት፤ "ዋና ፕሮግራመር" የሚለው ተለውጦ "ከፍተኛ ፕሮግራመር" ተብሎ እንደ አዲስ ታትሟል። ቀጭኑ እስክሪብቶ ይዟል። የሁለት ወር ልጅ አለችው፣ ሌሊቱን አታስተኛውም፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

ጋሼ ፈርም አሉኝ፣ ሌላው ሁሉ የኔ ጉዳይ ነው አሉኝ፣ ብሎ በሹክሹክታ አስረዳት። እምቢ ብልስ ምን እሆናለሁ አለ። እቴቴ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ንዴቷ ምን ያህል እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ አወቀችው። አልጮኸችም። እጁ ላይ ያለውን እስክሪብቶ እንደ ምላጭ ቀስ ብላ አወጣችና ከራሷ እስክሪብቶዎች ጎን አሰለፈችው። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ልጅህን በዚህ አታሳድጋትም" አለችው። ከዚያ ማተሚያው ጋ ሄደች። ማተሚያው ሁለት ሁለት ወረቀት የሚጎትት አሮጌ ነው፤ አጠገቡ ቆማ እያንዳንዱን በእጇ እየመገበች ያሰበችውን አተመች።

ጠበቃው በአራት ሰዓት መጣ። ጆሮው ላይ የመስሚያ መሣሪያ ያደረገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከመቀመጡ በፊት እባካችሁ አንድ በአንድ ተናገሩ፣ ሁለት ሰው ሲናገር አይገባኝም አለ። ወፍራም አቃፊ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ አልከፈተውም። ጋሼና እቴቴ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። የስብሰባው ክፍል በመስታወት የተከለለ ነው፤ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ የሚሠራ እየመሰለ ያያል።

ማረጋገጫው የት ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ፈገግ ብለው ትንሽ መጓተት እንደገጠማቸው፣ ዋና ፕሮግራመሯ በራሷ ምክንያት መፈረም እንዳልፈለገች ተናገሩ። ጠበቃው ወደ እሷ ዞረ። "ምክንያትዎን ልስማ።"

እቴቴ ዝርዝሩን ገፋ አድርጋ አቀረበችለት። ስድሳ አንድ ፋይል፤ የእያንዳንዱ ጸሐፊ፣ የሰጠበት ፈቃድ፣ የጠየቀው ነገር፣ ያልተፈጸመለት ነገር። ቀይ መብራቱን የጻፉትን የአዛውንቱን ጽሑፍ ለብቻው በአንድ ገጽ አድርጋዋለች። ጠበቃው ያን ገጽ ሲያነብ ጋሼ ጣልቃ ገቡ። እኔ የንግድ ሰው ነኝ፣ ኮድ አላነብም፤ ከየት እንዳመጣችውም፣ ስሞቹን ማን ብሏት እንዳጠፋችም አላውቅም፤ እንደ እርስዎ ሁሉ ዛሬ መስማቴ ነው፤ በጣም ነው ያዘንኩባት አሉ። "ያዘንኩባት" ሲሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

አሥራ አንድ ዓመት። ከጎማ ጥገናው በላይ ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ አብረዋት የሳቁ፣ በደንበኛ ፊት "የቀኝ እጄ" የሚሏት ሰው ናቸው። እቴቴ አንዲት የቀረች ወረቀት ነበረቻት። አስተካክላ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስማምታ፣ መካከል ላይ አኖረቻት።

መጥረጊያዋ ነበረች። ለደንበኛ የምትሄድ ፋይል አይደለችምና ማንም ጠርጓት አያውቅም። ራስጌዋ ላይ ከሰባት ዓመት በፊት የተጻፈው እንዳለ አለ። "መጥረጊያ። ለደንበኛ ከሚሰጡ ፋይሎች ላይ የሌሎችን ሰዎች ስምና ጽሑፍ አንሥታ የድርጅቱን ስም ትተካለች። ምክንያት፦ ደንበኛ ስሞቹን አይቶ ስለጠየቀ። አስጻፊ፦ ሥራ አስኪያጁ። ጻፊ፦ ዋና ፕሮግራመሯ።" ቀኑም አለ።

"ይሄ ትናንት የተጻፈ ነው" አሉ ጋሼ።

"የኮድ መዝገቡ ቀኑን ይይዛል" አለች እቴቴ። "የመዝገቡን ይለፍ ቃል እርስዎም ያውቁታል፤ ይክፈቱላቸው።"

ጋሼ አልከፈቱም። ጠበቃው ወረቀቷን ደግሞ አነበበና ቀና ብሎ አያት።

"ይህ ወረቀት እርስዎንም እንደሚነካ ያውቃሉ?"

"ጻፊ የሚለው እኔ ነኝ" አለች። "እሱን አላጠፋሁትም።"

ያን ጊዜ ነው ሰውየው አቃፊውን የከፈተው። ውስጡ ስድሳ አንዱም ነበሩ። ኩባንያው፣ ጋሼ የሰጡትን ናሙና ከታወቀው ክፍት ኮድ ጋር በሚያስተያይ ማሽን አስፈትሾ ካወቀ አሥር ቀን አልፎታል። ዛሬ የመጣው ኮዱ የማን እንደሆነ ለመስማት አልነበረም፤ ኩባንያው የሚገበያያቸው ሰዎች እውነቱን ይናገሩ እንደሆነ ሊያይ ነው። ወረቀቱ ተፈርሞ ቢጠብቀኝ ኖሮ፣ አለ ረጋ ባለ ድምፅ፣ የአዛውንቱ ወገን ነገ ቢከስ ወይም እኛ ለኪሣራችን ብንከስ፣ ተከሳሹ የፈረመው ሰው ነበር፤ ድርጅቱ ሠራተኛዬ ዋሸችኝ ብሎ ከኋላዋ ይሸሸግ ነበር። እቴቴ በመስታወቱ አሻግራ ቀጭኑን አየችው። እጁ ላይ እስክሪብቶ ሳይኖር እንኳ እንደያዘ ሆኖ ተቀምጧል።

ጠበቃው የጠየቀው አጭር ነበር። በሠላሳ ቀን ውስጥ ስሞቹ ሁሉ ወደየቦታቸው ይመለሱ። የአዛውንቱን ክፍል በተመለከተ ወይ ያለውን ይፈጽሙ ወይ ያውጡት፤ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። ያለፈውን ሁሉ የሚያምን፣ ለሰማንያ ሦስቱም መድኃኒት ቤቶች የሚደርስ ደብዳቤ ይጻፍ። ደብዳቤውን የሚፈርመው ሠራተኛ አይደለም፤ ባለቤቱ ነው። ከዚያ በኋላ መግዛት አለመግዛታቸውን ያያሉ። አቃፊውን ዘጋና ደረጃው ላይ አንድ ሸክላ መነቀሉን ነግሯቸው፣ እንዳይወድቅበት እየተጠነቀቀ ወረደ።

ጋሼ መስታወቱ ውስጥ ለብቻቸው ቀሩ። ሲወጡ መላው ክፍል እየሰማ "ቤት አፈረስሽ" አሏት። "ዕቃሽን ሰብስቢ፤ ነገ እንዳላይሽ።"

"ነገ የሚመጣ ሰው አለ እንዴ ስድሳ አንዱ የት የት እንደነበሩ የሚያውቅ?" አለች እቴቴ፤ ቀና እንኳ አላለችም። "ሠላሳ ቀን ብለዋል። ስጨርስ ነው የምሄደው። ያኔ እርስዎ ሳይሉኝ።"

ውሃ ማቀዝቀዣው ባልዲው ውስጥ ያንጠባጥባል።

ቀጭኑ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ይቅርታ ለማለት ፈልጎ አልሆነለትም፤ በሥራ አሳበበ። መጥረጊያዋን ወደ ኋላ የምታስኬድ ትንሽ ፕሮግራም ልጻፍልሽ አላት፤ በአርባ ሰከንድ ሁሉንም ትመልሳለች። እቴቴ አይሆንም አለች። በአርባ ሰከንድ ስለሆነ እኮ ነው ማንም ያላነበበው። ወንበርህን አስጠጋና እያነበብክልኝ በእጄ እመልሳለሁ አለችው። ከተማሪዋ ጀመሩ። "ከጠቀመህ ስሜ ይቆይልኝ" አለ ቀጭኑ ጮክ ብሎ። እሷ ጽሑፉን ወደ ቦታው መለሰችው፤ አናቱ ላይ ከመቼ ጀምሮ ጠፍቶ እንደነበርም አንድ መስመር ጨመረች። ከዚያ "ሁለት" አለች።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ሳሉ የጋሼ በር ተከፈተ። ጋሼ ወረቀት ይዘዋል። የተሰረዘ፣ የተደለዘ፣ በእጅ የተጻፈ ነው። ዓይኗን ሳያዩ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ለመድኃኒት ቤቶቹ የሚሄደው ደብዳቤ ነበር። እንደ ድሮው ታይፕ አድርጊልኝ ሊሉ ፈልገው "አንቺ ነሽ ደብዳቤ የምታውቂው" ብቻ አሉ።

እቴቴ አነበበችው። "በአንዲት ሠራተኛ ስህተት" የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ አጠፋች፤ "በድርጅቱ ትእዛዝና አሠራር" ብላ ከላዩ ጻፈች። ጋሼ አዩ፤ አልከለከሏትም። ደብዳቤውን መትታ ስትጨርስ ከግርጌው በስተግራ፣ በትንንሽ ፊደል፣ የሚጠቀሱትን ሁለቱንም ጠቀሰች፤ ያስጻፉትን ጋሼንና የጻፈችውን ራሷን። ማተሚያው ሁለት ወረቀት ሊጎትት ሲል አንዱን ያዘችበት። የወጣውን ገጽ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስማምታ አስቀመጠችና ከተሰለፉት እስክሪብቶዎች አንዱን፣ ከቀጭኑ እጅ የወሰደችውን፣ አንሥታ ለጋሼ ዘረጋችላቸው።

"ይፈርሙ" አለች። "ተራ ነገር ነው።"